ከዲሲ ወደ ኒውዮርክ ከነልጆች፦ በምን እንሂድ፣ የት እንደር?

ረጅም ዊኬንድ ሲቃረብ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሃበሻ ቤቶች ይህ ጥያቄ ይነሳል። "ልጆቹን ኒውዮርክ እንውሰዳቸው እንዴ?" ርቀቱ 225 ማይል ገደማ ነው። ደውላችሁ ብትጠይቁ አንዱ "አውቶቡስ ነው ርካሹ" ይላችኋል። ሌላው "መኪና እያላችሁ?" ብሎ ይገረማል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ወሳኙ ስንት ሆናችሁ እንደምትሄዱና ማታ የት እንደምታድሩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቲኬት፣ ከዚያ ሆቴል እያላችሁ ለየብቻ አትምረጡ። አንዱ የሌላውን ሂሳብ ያበላሻል።

ለስሌት እንዲመቸን አባት፣ እናት፣ የ9 እና የ4 ዓመት ልጆች ያሉበትን ቤተሰብ እንያዝ። አርብ ሄዶ እሁድ የሚመለስ፣ ሁለት ሌሊት የሚያድር።

አውቶቡስ እና ባቡር

አውቶቡስ በአንድ ሰው ሲታይ ዋጋው ያጓጓል። ፍሊክስባስ፣ ግሬይሀውንድና ፒተር ፓን ከዩኒየን ስቴሽን ይነሳሉ። ቫሙስ ደግሞ ከቤተስዳና ከአርሊንግተን ስለሚነሳ መሃል ከተማ መግባት ለሚሰለቸው ይመቻል። ነገር ግን አብዛኞቹ አውቶቡሶች ለልጅ አይቀንሱም። የ4 ዓመቷም ልጅ ወንበር ከያዘች እንደ አባቷ ትከፍላለች።

አምትራክ በሚባለው ባቡር ላይ ግን ከ2 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር ሲሄድ ግማሽ ነው የሚከፍለው። የእኛ ቤተሰብ አራት ሆኖ የሦስት ሰው ይከፍላል ማለት ነው። እንበልና አውቶቡሱ በሰው 40 ዶላር፣ ባቡሩ 55 ቢሆን፣ አውቶቡሱ 160፣ ባቡሩ 165 ዶላር ይመጣል። ለአምስት ዶላር ብዬ አርብ ማታ የኒው ጀርሲ ተርንፓይክ ላይ ከተኛ አውቶቡስ ውስጥ "ሽንቴ መጣ" ከሚል ልጅ ጋር አልቀመጥም። ባቡሩ ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጃል። ልጆቹ ይንጎራደዳሉ፣ ሽንት ቤቱም ሰው የሚያስገባ ነው። መንገድ ተዘጋ የሚባል ነገር የለም። አውቶቡሱ በደህና ቀን አራት ሰዓት ተኩል ነው። በዓል ሲሆን ግን እንጃ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። የአምትራክ ዋጋ እንደ አውሮፕላን ነው። ቀኑ ሲቀርብ ይሰቀላል፣ የሦስት ሳምንትና የሦስት ቀን ዋጋ አይገናኙም። ሦስትና ከዚያ በላይ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ካርዳችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ቅናሹ ስንቱ ልጅ ላይ እንደተሰላ እዩ። አሴላ የሚባለውን ፈጣኑን ባቡር እርሱት። የሚያተርፍላችሁ ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ዋጋው ግን ሌላ ዓለም ነው። አሌክሳንድሪያ ወይም ኒው ካሮልተን አጠገብ የምትኖሩ፣ ባቡሩ እዚያም ስለሚቆም ዩኒየን ስቴሽን ድረስ መሄድ አያስፈልጋችሁም።

መኪናስ?

ቤንዚኑ አያስፈራም። ደርሶ መልስ 450 ማይል ነው፣ መኪናችሁ በጋሎን 30 ማይል ከሄደች 15 ጋሎን። የሚያስፈራው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በሜሪላንድ ቶል፣ በደላዌር ቶል፣ በኒው ጀርሲ ቶል። በሊንከን ወይም በሆላንድ ቶነል ወደ ማንሃተን ስትገቡ በኢዚፓስ (መኪናዋ ላይ ተለጥፎ ቶሉን በራሱ በሚያስቆርጠው) እንኳ ከ14 ዶላር በላይ ነው። በዚህ ላይ ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ከ60ኛው መንገድ በታች ወዳለው ማንሃተን በቀን የሚገባ የግል መኪና 9 ዶላር ይከፍላል። በቶነል ለገባና ኢዚፓስ ላለው ከዚህ ላይ 3 ዶላር ይቀነስለታል። ቀጥሎ ፓርኪንግ አለ። የማንሃተን ፓርኪንግ ታክስ ብቻውን 18.375 በመቶ ነው፣ የዋናውን ዋጋ ራሳችሁ ገምቱት።

ታዲያ መኪና አይረባም? ይረባል፣ ማንሃተን ካላስገባችኋት። ኒው ጀርሲ በኩል ሲካከስ ወይም ጀርሲ ሲቲ አድራችሁ፣ መኪናዋን እዚያው አቁማችሁ፣ በባቡር ወይም በአውቶቡስ ከገባችሁ አምስትና ስድስት ለሆነ ቤተሰብ ከመኪና የሚረክስ የለም። ሌላም ጥቅም አላት። እንጀራውን፣ ቆሎውን፣ የልጆቹን ምሳ ጭናችሁ ትሄዳላችሁ። ጾም ከሆነ ደግሞ የሆቴል ቁርስ እንቁላልና ቋሊማ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ማደሪያ

ገንዘቡ የሚያልቀው እዚህ ስለሆነ ጠጋ ብለን እንየው።

መጀመሪያ ኤርቢኤንቢን እናንሳ፣ ብዙ ሰው ሃሳቡ እዚያ ነውና። ከሴፕቴምበር 2023 ወዲህ የኒውዮርክ ከተማ ሎካል ሎው 18 የሚባለውን ሕግ ማስፈጸም ጀምራለች። ከ30 ቀን በታች የሚያከራይ ሰው መመዝገብ አለበት፣ እንግዳው ባለበት ራሱም እዚያው ቤት ማደር አለበት፣ ከሁለት እንግዳ በላይ መቀበልም አይችልም። አራት ሆነን ሙሉ አፓርታማ ለሁለት ሌሊት እንከራይ ማለት በአምስቱም ቦሮዎች (የከተማዋ ክፍሎች) አይሠራም። ፌስቡክ ላይ "ሙሉ ቤት፣ ለፋሚሊ" የሚል ካያችሁ፣ በተለይ ብር በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ በሚላከው) ቀድማችሁ ላኩ ካሏችሁ፣ እለፉት።

ስለዚህ ሆቴል ነው። ማንሃተን ሚድታውን ማደር ጥሩ ነው፣ ልጅ ሲደክመው ክፍል ገብቶ ሸለብ ያደርጋል። ክፍሎቹ ግን ጠባብ ናቸው። ሁለት አልጋ ከገባ ሻንጣ መክፈቻ ቦታ የለም። ማንሃተን ካላደርን ለምትሉ ደቡብ ጫፉን፣ ዎል ስትሪት አካባቢን እዩ። የባንክ ሰዎች አርብ ስለሚሄዱ ቅዳሜና እሁድ ዋጋው ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል።

የእኔ ምርጫ በባቡር ለሚመጣ ቤተሰብ ሎንግ አይላንድ ሲቲ ነው። ክዊንስ ውስጥ ነው፣ ግን ከኮርት ስኩዌር ኢ (E) በሚባለው የሰብዌይ ባቡር አንድ ፌርማታ ተሻግራችሁ ማንሃተን ናችሁ። አካባቢው ማታ ጭር ይላል፣ ለፎቶ የሚሆንም አይደለም። ሆቴሎቹ ግን አዳዲስ ናቸው፣ ቁርስ የሚጨምሩም አሉ። ለአራት ሰው የሁለት ቀን ቁርስ ኒውዮርክ ውስጥ ስንት እንደሆነ የገዛ ያውቃል።

ሲካከስና ጀርሲ ሲቲ ተመሳሳይ ይመስላሉ፣ አይደሉም። ጀርሲ ሲቲ ፓዝ የሚባለው ባቡር አለው፣ 24 ሰዓት ይሠራል፣ ወርልድ ትሬድ ሴንተር በደቂቃዎች ያደርሳል። ግን የፓዝ ክፍያ ለሰብዌይ አያገለግልም፣ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ። ሲካከስ ሆቴሉ ይረክሳል፣ ፓርኪንግም ይገኛል። ይሁን እንጂ ወደ ከተማ የምትገቡት ብዙውን ጊዜ በአውቶቡስ ነው፣ የቶነሉ መጨናነቅም አብሮ አለ። የኒው ጀርሲ ትራንዚት ግን ለቤተሰብ ደግ ነው። ከአርብ ማታ 7 ሰዓት (በፈረንጅ) እስከ ሰኞ ጠዋት ከአንድ ከፋይ ጋር እስከ 11 ዓመት ያሉ ሁለት ልጆች በነጻ ይሄዳሉ።

ዋጋ ስታወዳድሩ የመጨረሻውን ገጽ አወዳድሩ። ከሜይ 2025 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ሆቴሎች የግዴታ ክፍያቸውን ከመጀመሪያው ማሳየት አለባቸው፣ የመንግሥት ታክስን ግን መተው ይችላሉ። ኒውዮርክ ከተማ ላይ ታክሱ 14.75 በመቶ፣ በዚያ ላይ በየሌሊቱ 3.50 ዶላር ነው። ሌሊቱን 200 ዶላር ያላችሁት ክፍል ለሁለት ሌሊት 466 ይሆናል። አምስት የሆናችሁ "ልጆቹ ከእኛ ጋር ይተኛሉ" ብላችሁ ለአራት አትያዙ። ሁለት አልጋ ያለው ክፍል በአብዛኛው የሚፈቅደው እስከ አራት ነው።

ዘመድ ቤትስ? ብሮንክስ አክስት ያለው ሰው ሆቴል መያዙ ራሱ ያስቀይማል። ብቻ ነጻ ነው ብላችሁ አትቁጠሩት። ባዶ እጅ አይኬድም፣ ጠዋትም ቡናው በረካ ሳይደርስ መውጣት የለም። አንድ ሌሊት ዘመድ ጋ፣ አንድ ሌሊት ሆቴል ማድረግ ሁሉንም ያስማማል።

ከተማው ውስጥ

ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ሰብዌይ 3 ዶላር ነው፣ ሜትሮካርድ መሸጥ ቀርቷል። የባንክ ካርዳችሁን ወይም ስልካችሁን መንካት ይበቃል። ቁመታቸው እስከ 44 ኢንች የሆኑ ልጆች፣ እስከ ሦስት ድረስ፣ ከትልቅ ሰው ጋር በነጻ ይገባሉ። የ4 ዓመቷ በነጻ፣ የ9 ዓመቱ ይከፍላል። ከ472 ጣቢያዎች አብዛኞቹ አሳንሰር ስለሌላቸው ትልቁን የልጅ ጋሪ ቤት ተዉት፣ የሚታጠፈውን ቀላሉን ያዙ። ሆቴል ስትመርጡም በአቅራቢያው ያለው ጣቢያ አሳንሰር እንዳለው ካርታው ላይ እዩ።

የስታተን አይላንድ ጀልባ በነጻ ነው፣ በነጻነት ሐውልት አጠገብ ያልፋል። ባተሪ ፓርክ በር ላይ ካርድ አንጠልጥሎ የዚህን ጀልባ "ቲኬት" የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ሌባ ነው።

መቼ?

ዲሴምበር እሳት ነው። እንቁጣጣሽን ኒውዮርክ ለማለት ያሰባችሁም ሴፕቴምበር ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ሆቴሉን እንደሚያስወድደው አስቡ። ርካሹ ወቅት ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ ፌብሩዋሪ ነው፣ ማለትም የእኛ ገና ካለፈ በኋላ። ብርዱ ይቆነጥጣል፣ ግን የማርቲን ሉተር ኪንግ ሰኞ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ለዚያ ዊኬንድ የሚሰረዝ ሆቴል በኖቬምበር ያዙ፣ የባቡር ቲኬቱን በዚያው ሰሞን ግዙ፣ ሳምንት ሲቀረው ሆቴሉን እንደገና ፈልጉት። ረክሶ ካገኛችሁት የድሮውን ሰርዛችሁ አዲሱን ያዙ።