አክታ ወይስ ሽንት? ቲቢን በጎጃም ጤና ጣቢያዎች ለመለየት

ከጮቄ ግርጌ የወረደ ገበሬ ከ2 ሳምንት በላይ አስሎት ጤና ጣቢያ ቢመጣ፣ የመጀመሪያው ምርጫ አሁንም አክታ ነው። ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ የባክቴሪያውን ዘረመል አክታው ውስጥ ፈልጎ ከ2 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውጤት ይሰጣል፤ ጀርሙ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት መላመዱንም አብሮ ያሳያል። ይህን የሽንት ምርመራው አይችልም።

ግን መሣሪያው መብራት ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አክታ ይፈልጋል። ኤች አይ ቪ አቅሙን የጨረሰው ሰው ብዙ ጊዜ ያለው ደረቅ ሳል ብቻ ነው። «ከውስጥ አውጣ» እየተባለ ታግሎ ባዶውን ዕቃ ሲመልስ ማየት አንጀት ይበላል።

የሽንት ምርመራው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ይደርስለታል። ከባክቴሪያው ግድግዳ የሚለቀቀው ሊፖአራቢኖማናን የተባለ ቁስ ወደ ሽንት ይገባል፤ ጥቂት ሽንት መመርመሪያው ላይ ጠብ አድርጎ 25 ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል። መብራት አያስፈልገውም። ድክመቱ ግን ከባድ ነው፦ ምልክት ከሚታይባቸው ኤች አይ ቪና ቲቢ ካለባቸው ሰዎች የሚይዘው 42 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው። ስለዚህ ኔጌቲቭ ስላለ ብቻ ታማሚን ወደ ቤቱ መሸኘት አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት የመከረውም ኤች አይ ቪ ላለባቸው ነው።

ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የተኛ፣ ኤች አይ ቪ ያለበትና ሲዲ ፎሩ (በሽታ የሚከላከሉ የደም ሴሎቹ ቁጥር) የወረደ ዘመድ ካላችሁ ሁለቱም ምርመራዎች እንዲሠሩለት ሐኪሙን ጠይቁ። ሽንቱ ፖዘቲቭ ካለ፣ ሕክምናው የአክታውን መልስ ሳይጠብቅ ሊጀመር ይችላል።