ለዕቃችሁ ሁለተኛ ወንበር እንዳትገዙ

ለቁልቢም ሆነ ለሌላ ጉዳይ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ወደ ምሥራቅ የምትሄዱ ወገኖች፣ ተሰባሪ ዕቃ ከያዛችሁ ይቺን ሳታነቡ ቲኬት እንዳትቆርጡ። ድሬዳዋ የገባሁት ትናንት ማታ ነው። ደሜ ገና አልበረደም። ቃላት ሳልመርጥ ብጽፍ ታገሡኝ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ቲኬት ቢሮ ሄዳችሁ ዕቃው ስስ መሆኑን ትናገራላችሁ። "ችግር የለም፣ ለዕቃው አንድ ወንበር ጨምረህ ቁረጥ፣ አጠገብህ አድርገህ ትሄዳለህ" ትባላላችሁ። የሁለት ሰው ሂሳብ ትከፍላላችሁ። ከዚያ ረዳቱ መንገድ ላይ ያንኑ ወንበር ለሌላ ተሳፋሪ ይሸጠዋል። ዕቃችሁ ከጆንያ ጋር ይጫናል። አቤት ስትሉ ደግሞ ጥፋተኛው እናንተ ሆናችሁ ቁጭ ትላላችሁ።

የኔ ዕቃ ምን እንደነበር ልናገርና መሳቅ የሚፈልግ ይሳቅ። ባቡር ነው። ትንሽ ባቡር፣ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ። "ይሄ የትልቅ ሰው ሥራ ነው?" የሚሉ ዘመዶች አሉኝ፤ ለምጃቸዋለሁ። የምሠራው የድሮውን ምድር ባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰውን፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባውን። የአንድ ሜትር ስፋት የነበረው ሀዲድ እኔ ጠረጴዛ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለውን 784 ኪሎ ሜትር በሙሉ ልሥራ ብል 9 ኪሎ ሜትር ሀዲድ መዘርጋት አለብኝ። ባለቤቴ ሳሎኑን እንኳ አልፈቀደችም። ስለዚህ የድሬዳዋን ጣቢያ ብቻ ሠራሁ፤ የፊቱን ግድግዳ፣ ጣሪያውን፣ መድረኩን፣ አንድ ባቡርና ሁለት ፉርጎ።

ይሄ ዕቃ ከሱቅ የሚገዛ አይደለም። የኢትዮጵያን ባቡር በሞዴል ሠርቶ የሚሸጥልኝ ፈልጌ አላገኘሁም። ስለዚህ ቤሞ የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ ለስዊዘርላንድ ጠባብ ሀዲድ ከሚሠራቸው ባቡሮች አንዱን ያገለገለ ገዛሁ። ፍራንክፈርት ያለችው የአክስቴ ልጅ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ሞተሩንና እግሩን አስቀርቼ የላዩን አወለቅኩት። በምትኩ የኛን የናፍጣ ባቡር አካል ከፕላስቲክ ቆርጬ አለበስኩት። ለነገሩ እ.ኤ.አ. በ1894 የባቡሩን ፈቃድ ከምኒልክ የተቀበለው መሐንዲሱ አልፍሬድ ኢልግም የስዊዘርላንድ ሰው ነበር። የመወጣጫው መደገፊያ ከስልክ ገመድ የወጣ መዳብ ነው። ከሀዲዱ ሥር ያለውን ጠጠር በሻይ ማጥለያ ነው የነፋሁት። መድረኩ ላይ የቆሙት ሰዎች ቁመታቸው 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ከመካከላቸው አንዲት ፍራፍሬ ሻጭ አለች። የነጠላዋን ጥለት የቀባሁት ትንፋሼን ይዤ ነው።

ሁሉም ለአጎቴ ነበር። ዕድሜውን እዚህ ድሬዳዋ በምድር ባቡር ወርክሾፕ የፈጀ ሰው ነው። አሁን ጉልበቱ እምቢ ብሎት አዲስ አበባ መምጣት አይችልም። እሱ ካልመጣ እኔ ልውሰድለት አልኩ።

"ባቡር እያለ ምን አውቶቡስ ውስጥ ከተተህ?" የሚል አይጠፋም። ወዶ ነው? ሐምሌ 19 ገብርኤል ነው። አዲሱ ባቡር ጣቢያ፣ ፉሪ ለቡ ድረስ ሄጄ "ቲኬት አልቋል" ተባልኩ። ሰው የሚወደውን ባቡር አጥቶ ባቡሩን በአውቶቡስ ጭኖ ይሄዳል። ይሄ በራሱ ያናድዳል፣ ግን የዛሬው ጉዳይ እሱ አይደለም።

የአውቶቡሱ ቲኬት ቢሮ ያለችው ልጅ ትሁት ነበረች። ወንበር ሦስትና አራትን ሰጠችኝ፣ ከሹፌሩ ኋላ። ሁለቱንም ቲኬት በኔ ስም ቆረጠች። "እህቴ፣ አንደኛው ለዕቃ መሆኑን ጻፊበት" አልኳት። "አያስፈልግም፣ ረዳቱን እኔ እነግረዋለሁ" አለች። አሁን ሳስበው ነገሩ የተበላው እዚያ ጋ ነው።

ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱን ታውቁታላችሁ። በየመስመሩ አንድ አለ። ኮፍያውን ወደ ኋላ ያደረገ፣ ድምፁ የተሰነጠቀ፣ ለሴቱ "እናት" ለወንዱ "ፋዘር" የሚል። በሩ ላይ ሁለቱንም ቲኬት ተቀበለኝና ቀደደ። የመለሰልኝ ግን አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። "ሁለተኛውስ?" ስለው "እኔ ጋ አለ ፋዘር፣ አትጨነቅ" አለ። ከኋላዬ ሰው ይገፋል። ገባሁ።

እስከ አዋሽ ሰላም ነበር። ሳጥኑን በገመድ ከወንበሩ ጋር አስሬዋለሁ። መተሃራ ላይ በሰቃ ሐይቅን ስናልፍ እንኳ ዞር ብዬ በደንብ አላየሁም። ያ ሐይቅ እየሰፋ መጥቶ መኪና መንገዱንም የድሮውን ሀዲድም ሲፈታተን የኖረ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንገቴን አስግጌ ሀዲዱን እፈልግ ነበር። ትናንት ግን ዓይኔ ሳጥኑ ላይ ነበር።

አዋሽ ለቁርስ ቆምን። ሁሉም ወረደ። እኔ ሻይ እንኳ አላማረኝም፤ ሳጥኑን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ውጪ ለቁልቢ የሚሄድ ሰው ተኮልኩሏል። ነጠላ የለበሰ፣ ጃንጥላ ያቀፈ፣ ጧፍ በፌስታል የያዘ። ረዳቱ መሀላቸው ገብቶ ያወራል። በመስኮቱ አየዋለሁ። ጣቱን ያነሳል፣ አንድ ያጥፋል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ብር ቆጥሮ ኪሱ ከተተ።

ተሳፋሪው ቦታ ቦታውን ሲይዝ ረዳቱ ገባ። ከኋላው አንዲት እናት አሉ። ስድሳውን ያለፉ፣ ምርኩዝ የያዙ። አጠገቤ መጥቶ ቆመ። እኔን አላየኝም። ሳጥኑን ነው ያየው።

"ይሄ የማነው?" አለ፣ ጮክ ብሎ። ሌሊት በሩ ላይ ራሱ ነው እኮ ያስገባው!

"የኔ ነው። ወንበሩ ተከፍሎበታል፣ ታውቃለህ።"

"ወንበር ለሰው ነው፣ ለካርቶን አይደለም።"

ካርቶን አይደለም፣ ኮምፔንሳቶ ነው። ግን ማን ይሰማል። "ሁለት ቲኬት ሰጥቼሃለሁ" አልኩት።

"የታለ?" አለና እጁን ዘረጋ። ዓይኑን በጨው አጥቦ። ሁለተኛው ቁራጭ የእሱ ኪስ ውስጥ ነው፤ ያንን እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ያለችኝን አንዷን አሳየሁት። "አንድ ሰው፣ አንድ ቲኬት፣ አንድ ወንበር" አለ። ቲኬቷን እንኳ በእጁ አልነካትም።

ከዚያ ያላሰብኩትን አመጣ። ጀርባውን ሰጠኝና ወደ ሕዝቡ ዞረ። ድምፁን እንደ ሰባኪ ከፍ አደረገው። "ወገን፣ እስቲ ፍረዱ! እኚህ እናት የገብርኤልን ስለት ሊያደርሱ ነው። ፋዘር ደግሞ አሻንጉሊት አስቀምጬ እሳቸው ይቁሙ ይላል!"

አለቀ። ከዚያ በኋላ የምለው ሁሉ ዋጋ የለውም። ከኋላ አንዱ "ነውር ነው!" አለ። ሌላዋ "ሽበት ይዞ!" አለች። "ገንዘብ ከፍያለሁ" ስል "ገንዘቡን ይዘህ ገደል ግባ" የሚል መጣ። ሴትየዋ ራሳቸው "ተወው ልጄ፣ እቆማለሁ፣ ገብርኤል ያቆመኛል" ሲሉ ይባስ ብሎ አውቶቡሱ በሙሉ አፈጠጠብኝ። ምን ልበላቸው? እሳቸው ምን አደረጉ? ከፍለዋል። ስንት እንደከፈሉ በኋላ አጫወቱኝ። እኔ ለዚያው ወንበር እስከ ድሬ ከከፈልኩት ይበልጣል፣ ያውም ለግማሽ መንገድ። ረዳቱ እኚህን እናት ያመጣቸው ወንበር ሊሰጣቸው ብቻ አይደለም። እኔን አፍ ሊያስዘጋባቸው ነው። ወጣት ቢያመጣ ኖሮ እስከ ማታ እከራከረው ነበር።

ገመዱን ራሱ ፈታው። "ቆይ፣ እኔው ላውርደው" ብዬ ስነሳ "ቁጭ በል ፋዘር፣ ያንተም ወንበር እንዳይሸጥ" ብሎ ሳቀ። ሰውም ሳቀ። ሙድ ያዙብኝ። ሳጥኑን ባንድ እጁ በጎኑ አንጠልጥሎ ወረደ። ክዳኑ ላይ በቀይ ማርከር "ተሰባሪ፣ አይገልበጥ" ብዬ ጽፌ ነበር። ከሥር ያለውን የሻንጣ ቦታ ከፈተ። አልገባ ሲለው በጉልበቱ ገፋው። የሽንኩርት ጆንያ አስደገፈበት። ከዚያ ሌላ ጆንያ ላዩ ላይ። ሽንኩርቱ የማን እንደሆነ ድሬ ስንደርስ ገባኝ፤ ሹፌሩና እሱ ተጋግዘው ነው ያወረዱት።

አሰበ ተፈሪ ለምሳ ስንቆም "ከፍተህ አሳየኝ" አልኩት። "ድሬ ላይ ይከፈታል።" ወደ ሹፌሩ ሄድኩ። ጥሬ ሥጋውን እየቆረጠ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "ካልተስማማህ ሌላ መኪና ያዝ" አለ። ጆሮ ዳባ ልበስ።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይሄ ነው። ቁልቢ ደረስን። ሴትየዋ መርቀውኝ ወረዱ። ከግማሽ በላይ ተሳፋሪ ወረደ። ወንበር አራት ባዶ ሆነ። ከኋላም ሞልቶ የተረፈ ወንበር አለ። "አሁንስ? አሁን አምጣልኝ" አልኩት። ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ "ቁልፍ የለም ፋዘር" አለኝ። እያሽከረከረው! የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እስከ ድሬ ድረስ ባዶ ወንበር አጠገብ ተቀምጬ ወረድኩ። በእያንዳንዱ ኩርባ ጆንያው ከሥሬ ሲንሸራተት ይሰማኛል፤ ወይም የሚሰማኝ መሰለኝ።

ሳጥኑን ድሬ መናኸሪያ ላይ በስልክ መብራት ከፈትኩት። የጣቢያው ግድግዳ ለሁለት ተሰንጥቋል። መድረኩ ከሥሩ ተነቅሏል። ባቡሩ ከሀዲዱ ተፈናቅሎ ጣሪያውን ሰብሮ ጣቢያው ውስጥ ገብቷል። የፊት እግሩ የማርሽ ጥርስ ተሰብሯል። ያ ደግሞ ከጀርመን ካልሆነ ከየትም አይመጣም። ጠጠሩ ሁሉ አንድ ጥግ ተከምሯል፣ ሰዎቹ ከሥሩ። ሁሉም ነገር ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

ቢሮአቸው እዚያው ነበርና ገባሁ። ኃላፊ ነኝ ያለው ሰውዬ መጀመሪያ ያለኝ "አንድ ሰው ምን ሊሠራለት ሁለት ቲኬት ይቆርጣል?" ነው። ሳጥኑን አሳየሁት። አጎንብሶ አየና "የልጅህ ነው?" አለኝ። የኔ ነው አልኩት። ከንፈሩን ነከስ አድርጎ ሳቁን ሲውጥ አየሁት። ሁለተኛውን ቲኬት አምጣ አለኝ። እነሱ ጋ ነው አልኩት። "እኛ ጋ የለም።" በመጨረሻ 500 ብር አውጥቶ "ለልጁ ሌላ ግዛለት" አለ። ልጁ! አልተቀበልኩም። የመኪናውን ታርጋ ፎቶ አንስቼ ወጣሁ።

አጎቴ ሳጥኑን ሲያይ ብዙ አልተናገረም። መነጽሩን አድርጎ የባቡሩን እግር ገልብጦ አየው። "በኛ ጊዜ አንድ ፉርጎ ሲወድቅ ሪፖርት ይጻፍ ነበር" አለ። ከዚያ ሙጫ አምጡ አለ። ዛሬ ሰው ሁሉ ቁልቢ ነው። እኛ ቤት ተቀምጠን በወረንጦ ሰው እየለቀምን ነው። ፍራፍሬ ሻጯ እስካሁን አልተገኘችም።

በሉ እንግዲህ፣ ታህሳስ 19 ሲመጣ ያው ግርግር ይመለሳል። የግድ ወንበር የምትገዙ ከሆነ ቲኬቱ ላይ "ለዕቃ" ተብሎ ይጻፍ፣ ማኅተም ይደረግበት። ሳይቀደድ ፎቶ አንሱት። በሩ ላይ ሁለቱም ቁራጭ ካልተመለሰላችሁ አትግቡ፣ ከኋላ የፈለገው ይግፋችሁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደረሰኝ የማግኘት መብት ሰጥቷችኋል፤ "አያስፈልግም" የሚል ትሁት ሰው ሲያጋጥማችሁ ይሄን አስታውሱት።

እኔ ሰኞ ትራንስፖርት ቢሮ ማመልከቻ አስገባለሁ። በዚህ መስመር ወንበራችሁ የተሸጠባችሁ ሰዎች ቲኬታችሁን አትጣሉ። አንድ ሰው ስለ አሻንጉሊት ከሚያመለክት ብዙ ሆነን ብንሄድ ሳቃቸው ይቀንስ ይሆናል።