ዲመን ስሌየር ያምራል፣ ግን ተመልሶ ይታያል?

ዲመን ስሌየር የሚባለው የጃፓን አኒሜ (የካርቱን ተከታታይ) ያምራል። በዚህ ከማንም ጋር አልጣላም፣ የሚጣላኝም ያለ አይመስለኝም። የሚያጨቃጭቀው ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ድንጋጤ ካለፈ በኋላ፣ ማን እንደሚሞትና ማን እንደሚተርፍ እያወቅን ተመልሰን ብናየው ይይዘናል ወይስ ስልካችንን መነካካት እንጀምራለን? በቅርቡ የመጀመሪያውን ሲዝን፣ የ2019ኙን 26 ክፍል፣ ከሥሩ ጀምሬ ደገምኩት። የሚይዝ አለው፣ የማይይዝም አለው። የሚገርመው ልዩነቱ ከሥዕሉ ጥራት ጋር ብዙም አይገናኝም።

ላላያችሁት ባጭሩ፦ ታንጂሮ ከሰል እየሸጠ ቤተሰቡን የሚረዳ ልጅ ነው። ዘመኑ በጃፓን ታይሾ የሚባለው፣ ከ1912 እስከ 1926 ያለው ነው። አንድ ቀን ከሰሉን ሸጦ ሲመለስ ቤተሰቡ ተጨፍጭፎ ያገኛል። የተረፈችው እህቱ ኔዙኮ ብቻ ናት፣ እሷም ጋኔን ሆናለች። ከዚያ ሰይፍ ይማራል፣ እሷን ሳጥን ውስጥ አድርጎ በጀርባው ያዝላል፣ መልሶ ሰው የሚያደርጋትን መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል። በቃ፣ ይሄው ነው። አኒሜው የተወሰደበት የጎቶጌ ኮዮሃሩ ማንጋም (የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) እንዲሁ ቀላል ነው።

አኒሜውን የሠራው ስቱዲዮ ዩፎቴብል ነው። ሥዕሉንም የኮምፒውተር ሥራውንም በአብዛኛው እዚያው ቤት ውስጥ ስለሚሠሩት፣ በእጅ የተሣለው ሰው በኮምፒውተር በተሠራ ክፍል ውስጥ ሲሮጥ ስፌቱ አይታይም። ታንጂሮ ሰይፉን ሲሰነዝር አብሮት የሚፈስሰው ውሃ የድሮዎቹን የጃፓን የእንጨት ኅትመት ሥዕሎች ይመስላል፤ ጠርዙ ወፍራም ጥቁር መስመር፣ ጫፉ ነጭ አረፋ። መጀመሪያ ስታዩት ትፈዛላችሁ። ችግሩ ዓይን ቶሎ ይለምዳል። ትንሽ ቆይታችሁ «እሺ፣ ውሃው መጣ» ማለት ትጀምራላችሁ።

ታዲያ ሲደገም የሚይዘው የቱ ነው? ለእኔ የከበሮው ቤት ነው፣ ብዙ ሰው የማያወራለት። ሰውነቱ ላይ ከበሮ የበቀለበት ጋኔን አለ። አንዱን በመታ ቁጥር ክፍሉ ይገለበጣል፣ ግድግዳው ወለል ይሆናል። ታንጂሮ ካለፈው ውጊያ የተሰበረ አጥንቱ ገና አልዳነለትም። ጋኔኑ ደግሞ ደራሲ መሆን የፈለገ፣ ጽሑፉ የተናቀበትና የተረገጠበት ነው። በዚያ ሁሉ ግልብጥብጥ መሀል የጻፋቸው ወረቀቶች ወለሉ ላይ ይበተናሉ፣ ታንጂሮም እነሱን ላለመርገጥ እግሩን ያሸሻል። ቁስሉን ሳያባብስ እንዴት መንቀሳቀስ እንደሚችል ያወቀው በዚያች እርምጃ ነው። ጋኔኑም ወረቀቱን እንዳልረገጠበት ያያል። አንድ እንቅስቃሴ ውጊያውንም ይፈታል፣ ልጁ ማን እንደሆነም ይነግራችኋል፣ ለጋኔኑም አንጀታችሁን ይበላዋል። ይሄ በስንት ጊዜ እይታ ያልቃል?

19ኛው ክፍልን ሳላነሳ ባልፍ ትሰድቡኛላችሁ። የሸረሪቶቹ ተራራ፣ ጋኔኑ ሩይ፣ የክሩ ወጥመድ፣ ከዚያ ታንጂሮ የአባቱ የእሳት ጭፈራ ትዝ ሲለውና ዘፈኑ ሲገባ። አዎ፣ አሁንም ጸጉሬን ያቆመዋል። ግን እሳቱ ብቻውን አይደለም የሚያቆመው። ሩይ ሌሎች አጋንንትን እያስፈራራ እናት፣ አባት፣ እህት እያለ የሚያኖር ነው፣ ቤተሰብ በግድ የሚሠራ። ፊት ለፊቱ የቆመው ቤተሰቡን ያጣና የቀረችውን አንዲት እህቱን የማይለቅ ልጅ ነው። ደግሞ ሲደገም የሚጨምር ነገር አለው፤ የሩይን አንገት የቆረጠው ታንጂሮ እንዳልሆነ፣ ሩይ ቀድሞ በራሱ ክር እንደቆረጠው በ20ኛው ክፍል ስለምታውቁ፣ ያን ሁሉ ድል የሚመስል ነበልባል በሌላ ስሜት ነው የምታዩት።

የማይደገመው ደግሞ ወሬው ነው። ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታየውን ነገር ገጸ ባሕርያቱ በቃል ካላስረዱ አይሆንላቸውም። ሰይፉ ሲፈጥን አይቻለሁ እኮ፣ «ፈጠነ!» ምን ያደርግልኛል? የታንጂሮ ባልደረባ፣ ፈሪው ዜኒትሱ ላይማ ትዕግሥቴ አለቀ። ተኝቶ ሲዋጋ የመብረቁ ምት አንድ ብቻ ነው፣ እሷ ግን ታስደነግጣለች። ነቅቶ ሲጮህ ግን ፎርዋርድ አደረግኩት።

በ2023 የወጣው የሰይፍ ሠሪዎቹ መንደር የሚባለው ሲዝን ከመጀመሪያው ሲዝን ይልቅ ይብለጨለጫል፣ እኔ ላይ የቀረው ግን ከሁሉም ያነሰ ነው። ከግማሽ በላዩ ከአንድ እየተከፋፈለ ከሚበዛ ጋኔን ጋር ትግል ነው፣ ቅርንጫፉ ሲቆረጥ ሌላ ይመጣል፣ እሱም ያምራል፣ እሱም ይቆረጣል።

«ባይዘልቅ ኖሮ ፊልሙ ያን ያህል ገንዘብ አያገባም ነበር» የሚል አይጠፋም። የመጀመሪያውን ሲዝን የሚከተለው የ2020ው የባቡሩ ፊልም በጃፓን ሲኒማ ከዚያ በፊት የነበረውን ክብረ ወሰን ሰብሮ ከ40 ቢሊዮን የን በላይ አስገብቷል። ገንዘቡ ግን በዚያ ሰሞን ስንት ሰው እንደሮጠ እንጂ ከዓመታት በኋላ ማን እንደሚመለስ አይናገርም። እኔን ወደ ፊልሙ የሚመልሰኝ ባቡሩ አይደለም። ጋኔኑ አካዛ አጋንንት አዳኙን ሬንጎኩን «ጋኔን ሁን፣ አታረጅም፣ አትሞትም» ሲለው፣ እሱ ማርጀትና መሞት የሰው ልጅ ውበት ነው ብሎ እምቢ የሚልበት ንግግር ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው እያንዳንዱ ምት ለዚያ ክርክር መልስ ነው፣ ስለዚህ አይሰለችም።

ገና ያላያችሁት ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሩ፣ አትዝለሉ፣ የኔዙኮ ነገር ካልገባችሁ ተራራው ላይ የሚሆነው አይነካችሁም። ያያችሁት ደግሞ ከ11 እስከ 20 ያለውን ድገሙት፣ ከዚያ ፊልሙን። የመንደሩን ሲዝን ግን አንዴ ካያችሁት ይበቃል። በጃፓንኛው ድምፅ ስሙት፣ ዜኒትሱ ሲመጣም ሪሞቱ አጠገባችሁ ይሁን።