ለእባባችን ቤት ለሰራልን ወንድማችን

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ አንድ ባለሙያ ላመሰግንና ልጠቁማችሁ ነው። ስራው ለየት ያለ ነው። የእባብ ቤት ይሰራል።

አዎ፣ የእባብ። አገር ቤት ያደግን ሰዎች እባብ ሲባል እጃችን ዱላ ነው የሚፈልገው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እየተባልን ነው ያደግነው። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ግን ሌላ ናቸው። የ13 ዓመት ልጄ ፊደል ከቆጠረ ጀምሮ የሚያነበው ስለ እባብ ነው። ውሻ ይሁንልህ፣ ድመት ይሁንልህ ብንለው አሻፈረኝ አለ። ከባለቤቴ ጋር ስንመካከር ከርመን፣ አሳዳጊ ያጡ እንስሳትን ከሚቀበል ድርጅት ቦል ፓይተን የምትባል አንዲት እባብ ለመውሰድ ተስማማን። መርዝ የላትም። ዘሯ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ነው። ስትፈራ ጭንቅላቷን መሃል ከታ ድብልብል ትላለች እንጂ ለጥል የምትቸኩል አይደለችም።

መኖሪያዋን በተመለከተ አንድ መደብር «ሁሉም ነገር አብሮት አለ» ብሎ ትንሽ የመስታወት ሳጥን ሊሸጥልን ነበር። የስራ ባልደረባዬ ናት «ቆይ፣ አንድ ሐበሻ ልጅ አለ፣ እሱን ሳታናግሪ ምንም እንዳትገዢ» ያለችኝ። እግዜር ይስጣት።

ልጁ በአዘቦት ቀን የኩሽና ካቢኔ ይሰራል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የእባብና የእንሽላሊት ቤት። እሱም ቤቱ እባብ ያሳድጋል። ስሙን እዚህ ያልጻፍኩት ስልኩ በአንዴ እንዳይጨናነቅ ስለለመነኝ ነው።

መጀመሪያ የመጣ ቀን ሜትሩን ከኪሱ አላወጣም። ዞር ዞር ብሎ ቤቱን አየና «እትዬ፣ ቡና የሚፈላው የት ነው?» አለኝ። ገረመኝ። ለካ የእባብ መተንፈሻ በጭስ ቶሎ ይጎዳል። ዕጣኑም፣ ቡናው ሲቆላ የሚነሳው ጭስም፣ ቤት ውስጥ የምንነፋው ሽታ መቀየሪያም ከእሷ መራቅ አለበት። ይህን የትኛውም የመደብር ሰራተኛ አይጠይቀኝም ነበር። ቡናው የሚፈላው ሳሎን ስለሆነ ሳሎኑ በዚያው ቀረ። የልጄ መኝታ ቤት መስኮቱ ስር ባዶ ቦታ ነበረ፣ እሱንም አልወደደውም። ፀሐይ ቀጥታ ከገባበት ሳጥኑ ከልክ በላይ ይሞቃል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ብርዱ አለ። በመጨረሻ ከመስኮቱና ከድምፅ ማጉያው ርቆ ያለውን የውስጠኛውን ግድግዳ መረጠ። እባብ መሬት የሚነዝረውን ነገር በአካሏ ስለምትሰማ የሙዚቃ ጉርምርምታ ያስጨንቃታል አለን።

ከዚያ ልጄን አስቀምጦ አወራው። ቦል ፓይተን በደንብ ከተያዘች ከ20 እስከ 30 ዓመት ትኖራለች። በሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማቆያ የነበረች አንዲት ቦል ፓይተን በ2020 እንቁላል ስትጥል ዕድሜዋ ከ60 ዓመት በላይ እንደሆነ ተገምቶ ነበር። «ኮሌጅ ስትገባ ማን ይይዝልሃል?» ብሎ ጠየቀው። ልጄ ዝም አለ። አባቱ «እኔ አለሁ» አለ። ባለሙያው ይህን ሳይሰማ ስራ አልጀመረም። ስራ አግኝቶ ደንበኛውን እንዲህ የሚፈትን ባለሙያ ብዙ አላየሁም።

ቤቷ ርዝመቱ 4 ጫማ፣ ጎኑም ከፍታውም 2 ጫማ ነው። የሰራው ፒቪሲ በሚባል ጠንካራ የፕላስቲክ ሰሌዳ ነው። ከላይ በሽቦ የተከደነ የመስታወት ሳጥን ሙቀቱንም እርጥበቱንም ቶሎ ያስወጣል፣ ፒቪሲ ግን ይይዛል። ከፊት ለፊት ብቻ ሁለት ተንሸራታች መስታወት አለው፣ ቁልፍም ገጠመለት። በሁለቱ መስታወቶች መሃል የምትቀረዋን ቀጭን ክፍተት እንኳ አልተዋትም፣ በስስ ፕላስቲክ ደፈናት። እባብ ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው አካሏ እንደሚከተል ነገረኝ። እኔ ማታ እንቅልፍ የሚወስደኝ በዚህች ፕላስቲክ ነው።

ሙቀቱ ከአንድ ወገን ብቻ ነው የሚመጣው። ጣሪያው ላይ በአንዱ ጫፍ የሙቀት ፓኔል አሰረ። እዚያ ስር 90 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ ይሆናል፣ በሌላው ጫፍ ከ76 እስከ 80። እባብ የራሷን ሙቀት ማመንጨት ስለማትችል ሲበርዳት ወደዚህ፣ ሲሞቃት ወደዚያ ትሄዳለች። ሁለቱም ጫፍ ላይ መደበቂያ ያስፈልጋታል። አንድ ብቻ ከሆነ ደህንነቷንና ሙቀቷን ልታማርጥ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ መደበቁን መርጣ ትበርዳለች። መደበቂያው ጠባብ መሆን አለበት፣ ጎኗ ሲነካው ነው የምትረጋጋው። በመደብሩ ዋሻ መሳይ ጌጥ በውድ ይሸጣል። እሱ ግን ጋራዥ የነበሩኝን ሁለት የፕላስቲክ አበባ ማሰሮዎች ገልብጦ መግቢያ ቆረጠላቸው፣ ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። «ይሄ ይበቃታል፣ ገንዘብሽን ሙቀቱን ለሚቆጣጠረው ቴርሞስታት አውዪው» አለኝ። በዚያን ጊዜ እትዬው ቀርቶ አንቺ መባባል ጀምረን ነበር።

ስለ ቴርሞስታቱ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የዚህ ሰው ጥንቃቄ የገባኝ እዚያ ላይ ነው። ማሞቂያ ያለ ቴርሞስታት እባብ ያቃጥላል፣ ሳይታወቃት እላዩ ላይ ተኝታ የምትጎዳበት ጊዜ አለ። ቴርሞስታቱ ደግሞ የሚያውቀው ሙቀት የሚለካው ሴንሰር የሚነግረውን ብቻ ነው። ሴንሰሩ ተነቅሎ የውሃ ሳህን ውስጥ ቢወድቅ «ቀዝቅዟል» ብሎ ማሞቂያውን ሳያቋርጥ ያነደዋል። ባለቤቴ በፕላስተር እንለጥፈው ሲል ባለሙያው እጁን ያዘው። ፕላስተር እባብ ቤት ውስጥ አይገባም። ቅርፊቷ ላይ ከተጣበቀ ሲላቀቅ ቆዳዋን ይዞ ይነሳል። ሽቦውን በትንንሽ መያዣና በብሎን ግድግዳው ላይ አሰረው። ከዚያ እጁን አስገብቶ እባብ እንደምትገፋው እየገፋ፣ ከላይም ከታችም እየሳበ ፈተነው። አንዱ መያዣ ትንሽ ላላ። ፈትቶ እንደገና ሰራው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ እባቧን አምጡ ይለናል ብለን ስንጠብቅ፣ ባዶውን ቤት አብርቶልን ሄደ። ልጄ ጠዋትና ማታ የሁለቱን ጫፍ ሙቀትና እርጥበት በደብተር እየጻፈ ፎቶ እንዲልክለት አዘዘው። እውነትም ሌሊት የቤታችን ማሞቂያ ዝቅ ሲል ቀዝቃዛው ጫፍ ከሚገባው በታች ወረደ። መጥቶ አስተካከለው። ለዚህ ተመላልሶ ያስከፈለን ነገር የለም። ቁጥሩ ቀንና ሌሊት ሲረጋ ነው «አሁን አምጧት» ያለው።

ንጣፉ ከኮኮናት ልጣጭ የተዘጋጀ ነው፣ እርጥበት ይይዛል። 60 በመቶ አካባቢ ነው የምንጠብቀው። እርጥበት ሲያንስ ቆዳዋ ተቆራርጦ ይወጣል እንጂ አንድ ላይ አይወልቅም። የሴዳርና የፓይን ዛፍ ሰጋቱራ በጭራሽ አትጠቀሙ፣ ሽታው የሚመጣበት ዘይት ይጎዳታል።

እኔን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። መፍራቴን አይቷል። ያዢያት፣ ንኪያት አላለኝም። መስታወቱ ጋ ቁጭ አድርጎ ምላሷን ለምን እንደምታወጣ አስረዳኝ፣ በእሱ ነው የምታሸተው። ለልጄ ደግሞ ጥብቅ ነበር። በመጣችበት ሳምንት ማንም እንዳያነሳት። ከበላች በኋላ ሁለት ቀን እንዳትነካ። ከነካት በኋላ እጁን በሳሙና እንዲታጠብ፣ ሳልሞኔላ ስላለ። ከ5 ዓመት በታች ያሉ የእህቴ ልጆች ሲመጡ ጨርሶ እንዳይነኳት። ምግቧ በረዶ ሆኖ የሚገዛ አይጥ ነው። ይህን ስሰማ ሆዴ ተገለባበጠ። እሱ ቀድሞ አስቦበት ነበር፣ ጋራዥ የሚቀመጥ ትንሽ ፍሪዘር ፈልጎ በርካሽ አገኘልን። እንጀራችን ካለበት ፍሪጅ ጋር አይገናኝም።

እባቧ ገብታ መጀመሪያ በቀዝቃዛው ማሰሮ ስር ተሸሸገች። ስትረጋጋ ወደ ሞቃቱ ተሻገረች። የመጀመሪያ ምግቧን ሳታንገራግር በላች። ቦል ፓይተን ቦታ ስትቀይር ምግብ የመተው ልማድ ስላላት ባለሙያው ዜናውን ሲሰማ ከኛ በላይ ደስ አለው።

ዋጋውን ስራ ሳይጀምር በጽሁፍ ሰጥቶናል፣ ከዚያ አንድ ዶላር አልጨመረም። ርካሽ ነው ብዬ አልዋሻችሁም፣ ግን እያንዳንዱ ሳንቲም የት እንደገባ ይታያል። ወረፋ ስላለው እባቡን ከማምጣታችሁ በፊት ቀደም ብላችሁ ደውሉለት። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ።

ወንድሜ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። እጅህ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።