ሀዋሳ ላይ ችግኝ የምትገዙ ሰዎች፣ በቁመት እንዳትታለሉ!

ክረምት ሲመጣ ሀዋሳ ውስጥ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ሰው ይበዛል። ዘንድሮ አንዱ ሻጭ ለእናቴ የሠራው ነገር ግን አናዶኛል። ዋጋ የሚጠራው ቁመት እያየ ነው። አጭሩን የቲማቲም ችግኝ በርካሽ፣ ረጅሙን በእጥፍ። «ፈጣን ዘር ነው እማማ፣ ቶሎ ያፈራል» ብሎ ረጅሙን ሸጠላት። በተተከለ በሳምንቱ አብዛኛው ተጋድሟል።

ልብ በሉ፣ ያ ችግኝ የረዘመው ብርሃን አጥቶ ነው። ከዘሩ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ተክል ብርሃንን ለምግቡ ብቻ አይደለም የሚጠቀምበት፤ አካባቢውንም ያውቅበታል። ውስጡ ፋይቶክሮም የሚባል ፕሮቲን አለ። ይህ ፕሮቲን ቀዩን ብርሃንና ከቀዩ አለፍ ብሎ ያለውን፣ እኛ እምብዛም የማናየውን ብርሃን ይለያል። ቅጠል ቀዩን ይውጣል፣ ሌላኛውን ግን በአብዛኛው ያሳልፈዋል ወይም ይመልሰዋል። ስለዚህ ችግኞች ተጨናንቀው ሲበቅሉ አንዱ ከሌላው የሚደርሰው ቀዩ የጎደለው ብርሃን ነው። ችግኙ ጎረቤቱ ሊጋርደው እንደሆነ በዚህ ያውቃል። ከዚያ ጉልበቱን ሁሉ ለቁመት ያውለዋል። ግንዱ ይቀጥናል፣ ሥሩ ይደክማል። ጨለም ያለ ቤት ውስጥ የበቀለውም እንዲሁ ይመዘዛል፣ ቅጠሉም ይገረጣል።

አንዳንዱ ችግኝ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። ብርሃን ከአንድ በኩል ብቻ ሲመጣ ኦክሲን የሚባለው የእድገት ሆርሞን በጨለማው ጎን ይበዛል። ያ ጎን ሲረዝም ግንዱ ወደ ብርሃኑ ይጎብጣል። እንዲህ ያለ ካያችሁ መስኮት ሥር ወይም ግድግዳ ተጠግቶ ያደገ ነው ማለት ነው።

ስትገዙ ግንዱን ያዝ አድርጋችሁ እዩት። ወፈር ያለ፣ ቅጠሎቹ የተቀራረቡ፣ ደማቅ አረንጓዴ የሆነውን አጭሩን ምረጡ። ሻጩ «ፀሐይ ሲያገኝ ይስተካከላል» ቢላችሁ አትስሙት። የተመዘዘ ግንድ ተመልሶ አያጥርም። እንዲያውም ከጥላ ወጥቶ በአንዴ የሀዋሳ ፀሐይ ካረፈበት ቅጠሉ ይቃጠላል።

ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ አትጣሉት። በየቀኑ ፀሐዩን ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ ለሳምንት ያህል አለማምዱት። ቲማቲም ከሆነ ግንዱን እስከ ላይኞቹ ቅጠሎች ድረስ አፈር ውስጥ ቅበሩት፤ የተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል። የቃሪያ ግንድ ግን እንደ ቲማቲም በቀላሉ ሥር አያወጣም። ስለዚህ የተመዘዘ የቃሪያ ችግኝ በነፃ እንኳ ቢሰጧችሁ አትልፉበት።