የሰልፍ ድምፅ ማጉያ፦ ዋሽንግተን ላይ ሁለት ቦታ ሞከርኩት

ከ25 ሰው በላይ ስለነበርን ፈቃድ አውጥተን ዋይት ሀውስ ፊት ለፊት፣ ላፋዬት ፓርክ ቆምን። ቦታው ሰፊ ነው፤ መፈክራችን ከአጥሩ ሳይደርስ ይበተናል። ለፎቶ ግን የሚያህለው የለም፤ ቱሪስቱ ሁሉ ይቀርፀናል።

በሌላ ቀን ስቴት ዲፓርትመንት (የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት) በር ላይ፣ ሲ ስትሪት፣ በምሳ ሰዓት ያዝነው። ድምፁ ከሕንፃው ግድግዳ እየተመለሰ አካባቢውን ሞላው። ሠራተኞቹ ቆመው አዳመጡን፣ ወረቀታችንንም ተቀበሉን። የአገራችንን ጉዳይ የሚይዙት እዚያ ናቸውና እኔ ደጋግሜ የምመርጠው ይህን ቦታ ነው።

ከማጉያው ቅር ያለኝ የሳይረኑ ቁልፍ ነው፤ ከመናገሪያው ቁልፍ ጎን ተጣብቋል። በህሊና ጸሎታችን መሀል ጮኾ እናቶችን አስደነገጠብን። ቁልፉን በፕላስተር ሸፍኑት። ትርፍ የባትሪ ድንጋይም ያዙ፤ የእኛ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ።