የዌስት ፖይንት፣ የአናፖሊስና የአርኦቲሲ ማመልከቻ፦ ከሜሪላንድ የአንድ አባት ግምገማ

ፍርዱን ከፊት ላስቀድም። ለአሜሪካ ጦር የመኮንን ማሠልጠኛዎች ማመልከት ነጻ ነው። ጥቅሙም የምር ነው። ወረቀቱ ግን ያንገሸግሻል። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ፤ አንዷን የቀነስኩበትን ምክንያት ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ልጅ ተምሮ መኮንን ሆኖ የሚወጣባቸው ሁለት ትልልቅ በሮች አሉ። አንደኛው አካዳሚዎቹ ናቸው፦ ኒውዮርክ ያለው ዌስት ፖይንት፣ እዚሁ ቅርባችን አናፖሊስ ያለው የባሕር ኃይሉ፣ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ያለው የአየር ኃይሉ፣ ኮነቲከት ያለው የኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጠባቂው) እና ኪንግስ ፖይንት ያለው የንግድ መርከቦች አካዳሚ። የትምህርት ክፍያ የለም፣ ማደሪያና ምግብ አለ፣ በአብዛኞቹ እንዲያውም በየወሩ ኪስ የምትገባ ነገር አለች (ዩኒፎርሙና ኮምፒውተሩ እየተቆረጠባት ብዙ ባትተርፍም)። ሁለተኛው አርኦቲሲ ነው። ልጁ እንደማንኛውም ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ከትምህርቱ ጎን ለጎን ሥልጠናውን ይወስዳል፣ ስኮላርሺፕ ካገኘ ይከፈልለታል፣ ሲመረቅ ምክትል መቶ አለቃ ይሆናል። ሀይስኩል ውስጥ ካለው ጄአርኦቲሲ ጋር አታምታቱት። ያኛው ግዴታም የለው፣ ስኮላርሺፕም አይደለም።

ልጄ ሁለቱንም በር አንኳኳች። አዲስ አበባ ያለው አባቴ ሲሰማ ስልክ ላይ ጮኸብኝ። «ልጅቷን ወታደር ቤት ልትከታት ነው?» አለ። «ኧረ አባባ፣ እንደ ሐረር አካዳሚ ያለ ነው» ስለው ነው ትንሽ የበረደው። ለእሱ ዘመን ሰው ሐረር አካዳሚ ሲባል ተመርጦ የተገባበት፣ ሕንዶች ያስተማሩበት፣ ስሙ የከበረ ቤት ነው። እኔ ራሴ አፈሳ ያየሁ ነኝ፤ የሰፈር ልጆች ከመንገድ ላይ ሲታፈሱ እያየን ነው ያደግነው፣ ስለዚህ ወታደር የሚለው ነገር ሲነሳ ሆዴ ቶሎ አይረጋም። እዚህ ግን ማንም አያፍሳችሁም። ጭራሽ ደጅ ጠንታችሁ ነው የምትገቡት።

ደጅ ጥናቱ ኖሚኔሽን ይባላል። ከኮስት ጋርዱ በስተቀር አካዳሚዎቹ ልጁን የሚቀበሉት አንድ ሕጋዊ አቅራቢ ሲኖረው ነው። ለአብዛኛው ሰው ያ አቅራቢ ከክፍለ ሀገሩ ሁለት ሴናተሮች አንዱ፣ የሰፈሩ የኮንግረስ ተወካይ ወይም፣ ከኪንግስ ፖይንት በቀር፣ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ነው። ብልሃቱ ለሁሉም ማመልከት ነው። እያንዳንዱ ቢሮ የራሱ ፎርም፣ የራሱ ድርሰት፣ የራሱ የድጋፍ ደብዳቤና የራሱ ማብቂያ ቀን አለው፤ ብዙዎቹ በመስከረምና በጥቅምት መሃል ይዘጋሉ፣ ማለትም ልጁ 12ኛ ክፍል ገብቶ ገና ወንበሩን ሳያሞቅ። «ሰው ያስፈልጋል ወይ?» ብለው የጠየቁኝ ወላጆች ብዙ ናቸው። አያስፈልግም። ከፖለቲከኛ ጋር ፎቶ መነሳት፣ ለምርጫ ማዋጣት፣ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። አንድ ተወካይ በዌስት ፖይንት፣ በአናፖሊስ ወይም በአየር ኃይሉ አካዳሚ በአንድ ጊዜ በስሙ የሚቆጠሩለት አምስት ልጆች ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ቢሮው የሚፈልገው ገብቶ የማያሳፍረውን ነው።

ብዙ ቢሮዎች ልጆቹን በቃል ይጠይቃሉ። እኛ የደረስንበት ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ኮሪደሩ በአዲስ ሱፍ የተጨነቁ ልጆች ሞልቶበታል፣ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። እቤት ስንለማመድ ባለቤቴ ጠያቂ ሆና ነበር። «የሩጫ ቡድኑ ካፒቴን እንዴት ሆንሽ?» ስትላት ልጅቷ አንገቷን ደፍታ «ኮቻችን ጎበዝ ስለሆነች ነው» አለች። ባለቤቴ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ «እና ኮችሽ ናት እንዴ የምታመለክተው?» አለቻት። እኛ ልጆቻችንን በይሉኝታ ነው የምናሳድገው፤ ራስን ማወደስ ነውር ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን ያ ጨዋነት ነጥብ ያስጥላል። ጉራ አይደለም የሚፈልጉት፣ ያደረግሽውን ቁልጭ አድርገሽ ንገሪን ነው የሚሉት። ልጆቻችሁን በዚህ አለማምዱ። ከሒሳብ ትምህርት እኩል ነው የምላችሁ።

ዌስት ፖይንት አመልካቹን ሲመዝን ስድሳ ከመቶው የትምህርት ነው፣ ሠላሳው አመራር፣ አሥሩ አካል ብቃት። አሥር ብቻ ነው ብላችሁ ግን አትናቁት። ፈተናው ውስጥ በጉልበት ተንበርክኮ የቅርጫት ኳስን በአንድ እጅ መወርወር የሚባል ነገር አለ። እግር የለበትም፣ መንደርደር የለበትም፣ ትከሻና ሆድ ብቻ። ሁለት ማይል ሳታለከልክ የምትሮጠው ልጄ ኳሷ አፍንጫዋ ስር ዱብ ስትልባት ወንድሟ መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀ። አፓርታማችን ፓርኪንግ ውስጥ ፍራሽ ቢጤ ዘርግታ ስትለማመድ የጎረቤት ሰው ሁሉ ያያት ነበር። ሌላው የተለመደው ነው፣ ፑሽአፕ፣ ፑልአፕ፣ የአንድ ማይል ሩጫ።

አሁን ዋናው ማነቆ ጋ ደረስን። ሕክምናው። ዶድመርብ የሚባለው የመከላከያ ሚኒስቴሩ የሕክምና ግምገማ ለአካዳሚውም ለአርኦቲሲ ስኮላርሺፑም አንድ ነው፣ እና ውጤት ያሸነፈ ልጅ እዚህ ሲወድቅ ታያላችሁ። የቀለም እይታ፣ የምግብ አለርጂ፣ የጉልበት ቀዶ ጥገና፣ ሁሉም ይጠየቃል። ትልቁ ወጥመድ አስም ነው። ከ13 ዓመት ልደት በኋላ አስም ነበረበት የሚል መዝገብ ካለ ልጁ በመጀመሪያ ዙር ይወድቃል። በእኛ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ልጄ 14 ዓመቷ እያለ ጉንፋን ይዟት አንድ ሐኪም «ለማንኛውም» ብሎ ኢንሄለር ጻፈላት። ሁለት ቀን ተጠቅማ ወረወረችው። ያቺ «ለማንኛውም» ከዓመታት በኋላ ከመዝገቡ ውስጥ ብቅ አለች፤ የድሮው ክሊኒክ መዝገቡን ለመስጠት ያንቀራፈፈን ነገር አይወራ፣ ከዚያ የሳንባ ምርመራ፣ ከዚያ የስፔሻሊስት ደብዳቤ። ወድቆ የተገኘ ልጅ ዌቨር የሚባል ምሕረት ሊያገኝ ይችላል፣ ግን ቤተሰቡ በራሱ አይጠይቅም፤ ልጁን የፈለገው አካዳሚ ወይም የአርኦቲሲው ክፍል ነው የሚጠይቅለት። ስለዚህ 11ኛ ክፍል ሳለ የልጃችሁን ሙሉ የሕክምና መዝገብ አውጥታችሁ አንብቡ። አትዋሹ፣ አትደብቁ፤ ምን እንደተጻፈ ቀድማችሁ እወቁ ነው የምለው።

ለእኛ ለሐበሾች ደግሞ ተጨማሪ የቤት ሥራ አለ። በዲቪ የመጣ ቤተሰብ ውስጥ ልጁ አዲስ አበባ የተወለደ ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም በር ዜግነት ግዴታ ነው። ብዙ ወላጅ የማያውቀው፣ ልጁ 18 ሳይሞላው ግሪን ካርድ ይዞ ከወላጁ ጋር እየኖረ ያ ወላጅ ዜግነት ከወሰደ፣ ልጁም በሕጉ አብሮ ዜጋ ይሆናል፤ የ2000ው የልጆች ዜግነት ሕግ ነው። ማስረጃው ግን በራሱ እቤት አይመጣም። ቢያንስ ፓስፖርት አውጡለት። የስሙን ነገርማ ተዉት። የልጁ የመጨረሻ ስም የአባቱ፣ የእናትየው የመጨረሻ ስም የአያትየው፣ የክትባት ካርዱ ላይ ያለው ፊደል ሌላ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሌላ። አንዱን አጻጻፍ ምረጡና ሁሉንም ወደ እሱ አምጡ። ኋላ ላይ የደኅንነት ማጣሪያው ፎርም ሲመጣ እህት ወንድም ሁሉ ይጻፋል፣ በአባት ብቻ የሚገናኙትም ጭምር፣ ከውጭ አገር ሰው ጋር ያለ የቀረበ ግንኙነትም ይጠየቃል። በየእሁዱ የምትደውል አክስት ትጻፋለች። ዘመድ ውጭ መኖሩ በራሱ አያስወድቅም፤ መደበቁ ነው የሚያስወድቀው።

አማካሪ የሚባሉትን በተመለከተ አንጀቴ ያረረበት ነገር አለ። አንዱ «ኖሚኔሽኑን እኔ አስጨርሳለሁ» ብሎ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ብር ጠየቀን። የሚሰጠው ነገር ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ድርሰት ማረምና ቀን ማስታወስ ነው። ይህን ነጻ የሚያደርግ ሰው ሞልቷል። ባሕር ኃይሉ ብሉ ኤንድ ጎልድ ኦፊሰር የሚላቸው በጎ ፈቃደኞች አሉት፣ አየር ኃይሉም የራሱ አገናኝ መኮንኖች አሉት፣ የኮንግረስ ቢሮዎች ለወላጆች የአካዳሚ መረጃ ምሽት ያዘጋጃሉ። ገብታችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛዬ ያሳፍረኛል ብላችሁ እንዳትቀሩ፤ ልጁ ይጠይቅ፣ እናንተ አጠገቡ ቁሙ። እንዲያውም ልጁ ሲናገር ነው የሚወዱት።

አርኦቲሲው ግን ከልቤ አስደስቶኛል። ለአብዛኛው የእኛ ልጅ ከአካዳሚው ይልቅ ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ። የምድር ጦሩ ስኮላርሺፕ ወይ የትምህርት ክፍያውን ወይ ማደሪያና ምግቡን ይሸፍናል፣ ለመጽሐፍ በዓመት 1,200 ዶላር፣ ትምህርት ባለባቸው ወራት ደግሞ በወር 420 ዶላር አለ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ለእነዚህ ልጆች ማደሪያውን ከራሱ ይጨምራል፤ ይህን ከመምረጣችሁ በፊት ጠይቁ፣ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ዲሲ አካባቢ ላለን ደግሞ በሩ ቅርብ ነው፦ ሀዋርድ አለ፣ ጆርጅታውን አለ፣ ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ለባሕር ኃይሉ ጆርጅ ዋሽንግተን አለ። በራሱ ግቢ ፕሮግራሙ የሌለው ኮሌጅም ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ ልጆቹን ይልካል። ነርሲንግ የምትፈልግ ልጅ ያላችሁ በተለይ የምድር ጦሩን እዩት፣ ለነርሶች የተለየ መስመር አለው። ባሕር ኃይሉ ኢንጂነሪንግና ሳይንስ ለሚመርጡ ያደላል። ኖሚኔሽን የሚባል ነገር የለም። ቃለ መጠይቅ ግን አለ፣ እና የሚመርጠው ቦርድ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚቀመጥ ቀድሞ ያመለከተ ደጋግሞ ይታያል። 12ኛ ክፍል ሳይጀመር ባለው የእረፍት ወራት ፋይሉን የጨረሰና በብርዱ ወራት የጨረሰ ልጅ እኩል ዕድል የላቸውም።

ዕዳውንም እወቁት። ከአካዳሚ የወጣ (የኪንግስ ፖይንት ደንብ የተለየ ነው) ቢያንስ አምስት ዓመት በሙሉ ጊዜ ያገለግላል፣ የአርኦቲሲ ስኮላርሺፕ አራት ወይም አምስት እንደ ኃይሉ፣ ፓይለት ከሆነ ከዚያም በላይ። ከሪዘርቩ (ከተጠባባቂው ጦር) ጋር በጥቅሉ ስምንት ዓመት ነው። ሐሳቡን የሚቀይር ልጅ መውጫ አለው፦ አካዳሚ ላይ ሦስተኛው ዓመት ትምህርት ሳይጀመር፣ የአራት ዓመት አርኦቲሲ ስኮላርሺፕ ላይ ሁለተኛው ዓመት ሳይጀመር ቢወጣ ዕዳ የለበትም። ከዚያ በኋላ ግን ቀልድ የለም፣ ወይ ማገልገል ወይ መክፈል። እና መኮንን መሆን ማለት ጦርነት ከመጣ መሄድ ማለት ነው። ይህን ከልጄ ጋር እራት ላይ በግልጽ ተነጋግረናል፤ ለገንዘቡ ብቻ ብሎ የሚገባ ልጅ ባይገባ ይሻላል።

ኮከቧን የቀነስኩት ለጥበቃው ነው። መልሱ በአንድ ቀን አይወጣም። አንዱ ልጅ በታኅሣሥ ይነገረዋል፣ ሌላው እስከ ሚያዝያ ስልኩን እያየ ይውላል፣ መሃል ላይ የኮሌጅ ማስያዣ ክፈሉ የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ልጄ ኖሚኔሽን አገኘች፣ ሕክምናውንም አለፈች፣ አካዳሚው «ብቁ ነሽ፣ ቦታ ግን የለም» አላት። አለቀሰች። አርኦቲሲው ግን ቀድሞ እሺ ብሏት ስለነበር መስከረም ላይ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ አሁን ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ ትሮጣለች፣ ስልክ ስንደውልላት ደግሞ ሁሌ ርቧታል። አንዱን በር ብቻ አታንኳኩ የምለው ለዚህ ነው።

ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ልጅ የአርኦቲሲን ትምህርት መቀመጥ ይችላል፣ ስኮላርሺፑንና ማዕረጉን ግን ያለ ዜግነት አያገኝም። አዲስ አበባ ሆናችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ደግሞ፣ አካዳሚዎቹ የውጭ አገር ተማሪ ይቀበላሉ፣ በዌስት ፖይንት፣ በአናፖሊስና በአየር ኃይሉ በእያንዳንዳቸው በአንድ ጊዜ እስከ 60 ድረስ ከመላው ዓለም። ልጁን የሚያቀርበው ግን መንግሥት ነው፣ በኤምባሲው በኩል። በግል የሚገባ የለም። «ዌስት ፖይንት ቦታ አለኝ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ብራችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙና ስልኩን ዝጉበት።